ኦዜል ያለበት ሸክላ

ቨርሊን ጋዲስ የሟች ባሏን ድምፅ የምታገኘው በአንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ በአንድ ሸክላ ላይ፣ በሁለተኛው ገጽ፣ በመጨረሻው ዘፈን መሀል። እሱም ዘፈን አይደለም። ኦዜል በሕይወቱ ዘፍኖ አያውቅም። ቤተ ክርስቲያን እንኳ ሰው ሁሉ ሲዘምር እሱ ከንፈሩን ብቻ ነበር የሚያንቀሳቅሰው። ሸክላው ላይ ያለው አንድ ጩኸት ነው፦ «ማንም ምንም እንዳይነካ! መጣሁ!»

ያችን ጩኸት ቺካጎን ረግጦ የማያውቅ ሰው እንኳ ያውቃታል። ኦዜልን ግን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው።

ነገሩ የሆነው በወጣትነታቸው ነው። ቨርሊንና ኦዜል ከሚሲሲፒ ወጥተው ቺካጎ ሲገቡ የተከራዩት ማክስዌል ጎዳና ላይ፣ ካልሲና የሱሪ ማንጠልጠያ ከሚሸጥ ሱቅ በላይ፣ ፎቅ ላይ ያለች ሁለት ክፍል ነበረች። ሳምንቱን ሙሉ ጎዳናው እንደ ማንኛውም ጎዳና ነው። እሑድ ጧት ግን ገበያ ይሆናል፤ ያገለገለ ጎማ፣ ዶሮ፣ የበር እጀታ፣ ጓደኛ የሌለው የአንድ እግር ጫማ ሳይቀር ይሸጥበታል። ሙዚቀኞችም ጊታራቸውን በትከሻቸው አንግተው፣ ማጉያቸውን በጋሪ እየገፉ ከየሰፈሩ ይመጣሉ። ችግሩ እነሱ የሚጫወቱት ብሉዝ በኤሌክትሪክ የሚሠራ መሆኑ ነው። ጎዳና ላይ ደግሞ ሶኬት የለም።

ስለዚህ ከየፎቁ መስኮት ገመድ ይወርድላቸው ነበር። እያንዳንዱ ባንድ የራሱ መስኮት አለው፤ ሌላው በለመደው መስኮት ሥር መቆም ጠብ ያስነሳል። የእነ ቨርሊን መስኮት የአርቬስተር ቶልስ ነበር። አርቬስተር ትከሻው እንደ በር የሰፋ፣ ሲዘፍን ዓይኑን የሚጨፍን ሰው ነው፤ ሳምንቱን ብረት ማቅለጫ ፋብሪካ ይሠራል። መብራቱን ስላበደሩት ጥግ ላይ ካለው ጋሪ የአሳማ ሥጋ ሳንድዊች፣ የተጠበሰ ሽንኩርት ከላዩ ተከምሮበት፣ በባልዲ ይልክላቸዋል። ገመዱ ሲወርድ ባልዲው ይወጣል። የቨርሊን መጋረጃ ሽንኩርት ሽንኩርት ሳይሸት የዋለበት ሰኞ አልነበረም።

ኦዜል ኤሌክትሪክ የሚፈራ ሰው ነበር። ያደገው በኩራዝ ነው፤ አምፖል ያየው ጢም ካበቀለ በኋላ ነው። ስለዚህ ኤሌክትሪክን እንደ ክፉ በቅሎ ነበር የሚይዛት፤ ከኋላዋ አይቆምም፣ ድንገት አይነካትም፣ ሌላ ሰው ሲጠጋት ይቆጣል። ጎረቤቶቹ ፊውዝ ሲቃጠልባቸው ከጀርባው ሳንቲም ወትፈው ያልፉ ነበር። እንዲያ የተደረገበት ቤት ሲነድ በዓይኑ ስላየ ኦዜል ይህን አያደርግም። ትርፍ ፊውዝ በቡና ቆርቆሮ ውስጥ አድርጎ ከቆጣሪው አጠገብ ያስቀምጣል። የቤቱ ሽቦ አሮጌ ነው፤ ባንድና ካውያ አንድ ላይ አይችልም። ስለዚህ እሑድ እሑድ ገመዱን ከመጣሉ በፊት በሁለቱም ክፍል ዞሮ ያውጃል፦ «ማንም ምንም እንዳይነካ!» ከዚያ ጀምሮ ገመዱ እስኪሰበሰብ ድረስ ካውያ የለም፣ ራዲዮ የለም፣ ዳቦ መጥበሻ የለም። ቨርሊን ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆማ ምእመኑን የምታስተናግድ ስለነበረች ነጭ ልብሷን ከዋዜማው ተኩሳ ትሰቅላለች።

አንድ እሑድ የአንድ ትንሽ ሸክላ አሳታሚ ባለሙያ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ መቅረጫ ይዞ መጣ፤ አርቬስተርን እዚያው ጎዳናው ላይ ሊቀርጸው ነው። በዚያው ሳምንት የኦዜል ታናሽ እህት ክሎቲ ከሚሲሲፒ መጥታ እነሱ ቤት አርፋለች። ገና ልጅ እግር ናት። ከተማ፣ ከተማ ስትል የኖረች ናትና ያ ሁሉ ሕዝብ መስኮቷ ሥር ተሰብስቦ እሷ የተጨማደደ ቀሚስ ለብሳ መውረድ አልሆነላትም። የወንድሟን አዋጅ ሰምታለች፤ እሷን ይመለከታል ብላ ግን አላሰበችም። ካውያውን ሰካችው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሸክላው ላይ አለ። አርቬስተር ዝግ ባለው ዘፈን መሀል ነው። ጊታሩ አንድ ነገር መናገር ይጀምራል፤ ሳይጨርሰው ድርግም። ማጉያው ሞተ፣ ማይክሮፎኑ ሞተ፣ ባሱ ሞተ። የቀረው ከበሮው ብቻ ነው፤ ከበሮ መቺው መብራት ይኑር አይኑር ግድ አልሰጠውም። ሕዝቡ በጭብጨባ ያግዘዋል። አርቬስተር በባዶ ጉሮሮው፣ ከሩቅ እንደሚጣራ ሰው፣ ዘፈኑን ይቀጥላል። ይኼን ጊዜ ከላይ ከመስኮት የአንድ ሰው ድምፅ ይወርዳል፦ «ማንም ምንም እንዳይነካ! መጣሁ!» ሕዝቡ ይስቃል። ከበሮው ይቀጥላል። ኦዜል ላይ አዲሱን ፊውዝ እየጠመዘዘ ነው። አርቬስተር ታዲያ መብራት በሌለበት በዚያ ሁሉ ጊዜ ጣቶቹን ከክሩ ላይ አላነሳም ኖሯል፤ የማይሰማ ጊታር ሲጫወት ነበር። መብራቱ ሲመለስ ጊታሩ ወሬውን ሳያቋርጥ በር ወጥቶ እንደተመለሰ ሰው ከዓረፍተ ነገሩ አጋማሽ ላይ ጓ ብሎ ይገባል።

ቀራጩ ዘፈኑን እንደገና ሊቀርጸው ፈልጎ ነበር። ዝናብ መጣና ሁሉም ማጉያውን ይዞ ሮጠ። ስለዚህ ያ የተበላሸው እንደተበላሸ ታተመ። «የእሑድ ከረንት» አሉት አልበሙን።

ያን ያህል ይወደዳል ብሎ ያሰበ አልነበረም። የተወደደበትን ምክንያት ብዙ ሰው ብዙ ይላል። የቨርሊን ሐሳብ አጭር ነው፤ ሰው ሁሉ መብራት የጠፋበት ጊዜ አለው፣ ሰው ሁሉ ይመለስልኛል ብሎ ጨለማ ውስጥ ጣቱን ያንቀሳቅሳል። ብቻ አርቬስተር ካረፈ በኋላም ሌሎች ባንዶች ያንን ዘፈን ሲጫወቱ እዚያ ቦታ ላይ ሲደርሱ ጊታሩን ድርግም አድርገው ያቆሙታል። ቤቱን የሞላው ሰው በሙሉ በአንድ አፍ «ማንም ምንም እንዳይነካ! መጣሁ!» ብሎ ይጮኻል። ከዚያ ጊታሩ ይመለሳል። በለንደንም እንደዚያ ነው፣ በጃፓንም እንደዚያ ነው አሉ። እንዲህ የማይጮኽ የብሉዝ ቤት በቺካጎ የለም። አብዛኛው ሰው ግን ከባንዱ አንዱ የቀለደው ቀልድ ይመስለዋል።

ኦዜል የሞተው አንድ የካቲት ጧት፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጫማውን እያሰረ ነው። ልቡ ነው አሉ። አንዱ ጫማ ታስሮ ነበር።

ያን ጊዜ ከማክስዌል ወጥተው ዌስት ሳይድ የሚባል ሰፈር ገብተዋል። ቨርሊን የሆስፒታል አንሶላ የሚታጠብበት ቤት ትሠራ ነበር፤ ከቀብሩ በኋላም ሥራዋ ላይ ተመለሰች። ቀኑ እንደምንም ያልፋል። ቤት ስትገባ ግን ዝምታው ይጠብቃታል። የኦዜል ፎቶ ሞልቷል፣ ፎቶ ግን አይናገርም። ከቀብሩ ጥቂት ሳምንት በኋላ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ነጭ ጓንቷን እንኳ ሳታወልቅ ሸክላውን አወጣች። ቦታውን ታውቀዋለች፤ ሸክላው በብርሃን ሲታይ፣ ድምፁ የቀነሰበት ቀጭን ጥቁር ቀለበት ያለበት ጋ ነው። መርፌውን እዚያ አወረደችው። ኦዜል ጮኸ። መርፌውን አነሳች። ጓንቷን አወለቀችና ምሳዋን ልትሠራ ሄደች።

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ እንዲሁ ሆነ። አንዳንዴ ረቡዕም።

የሸክላ ነገር ደግሞ ይታወቃል። መርፌ በሄደበት ቁጥር ጥቂት ይፍቃል። ዓመት ሲያልፍ ኦዜል ጉንፋን የያዘው ሰው መሰለ። ሌላ ዓመት ሲያልፍ ከግድግዳ ወዲያ ሆኖ የሚጣራ መሰለ። መርፌውን አዲስ ገዛች፣ ሸክላውን በእርጥብ ጨርቅ ጠረገች፣ እሑዶች እየዘለለች ልትቆጥበው ሞከረች። ባለፈው ክረምት አንድ እሑድ መርፌውን ስታወርድ «ሽሽሽ» ብቻ ሆነ። ደግማ አወረደችው። ሽሽሽ። በእጄ ፍቄ ጨረስኩት አለች በልቧ። ሸክላውን የካርቶን ሽፋኑ ውስጥ ከተተችና ቁም ሣጥን ላይ አስቀመጠችው። ለማንም አልተናገረችም፤ ለክሎቲ እንኳ። የድሮው እትም ደግሞ ከገበያ ከጠፋ ቆይቷል።

እንግዲህ አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ቨርሊን ኩሽናዋ ውስጥ ጎመን እየቀረደደች ሳለ ክሎቲ በሩን ሳታንኳኳ ገባች። ክሎቲ አሁን ወፍራም፣ ጸጉሯን በየሳምንቱ የምትሠራ፣ የሁለት ልጆች እናት ናት።

«አንቺ ሴትዮ፣ ተቀመጪ» አለች።

«በገዛ ቤቴ ተቀመጪ ትይኛለሽ?»

«ተቀመጪ አልኩሽ! ቆመሽ የምትሰሚው ወሬ አይደለም። ጸጉር ቤት ራዲዮ ተከፍቶ ነበር። አልበሙ እንደገና ታተመ።»

ቨርሊን ቢላዋውን አስቀመጠች። «የትኛው አልበም?»

«የትኛው ትለኛለች! ስንት አልበም ነው ያለን? የኔ አልበም ነዋ!»

ክሎቲ «የእሑድ ከረንት»ን የምትጠራው «የኔ አልበም» እያለች ነው። ለጸጉር ሠሪዋ፣ ለአውቶቡስ ነጂው፣ ለጥርስ ሐኪሟ ሳይቀር ነግራለች፤ እኔ ያን ካውያ ባልሰካ አርቬስተር ቶልስ ዛሬም ሳንድዊች በባልዲ እየላከ ይኖር ነበር ትላለች።

«በዚያ በአዲሱ ነው፣ ሲዲ በሚሉት» አለች ክሎቲ። «ትንሽ መስታወት ነገር። ዶርሲ ሙዚቃ ቤት ነገ ይገባል። ግን…»

«ግን ምን?»

«ምንም።»

«ክሎቲ።»

«ራዲዮኑ ምን አለ መሰለሽ፤ ድምፁ ተጠርጎ፣ ተወልውሎ፣ ጫጫታው ሁሉ ወጥቶለት ነው የታተመው አለ። ዘፈኑ አሁን ጥርት ብሎ ይሰማል አለ።»

ቨርሊን እጇን በሽርጧ ጠረገች፤ ደረቅ ነበር፤ እንደገና ጠረገችው።

«ኦዜልስ?»

«እኔ ምን አውቄ። ኦዜል ጫጫታ ነው እንዴ?»

«ለእነሱ ምን ሊሆን ነው ታዲያ? ከመስኮት የሚጮኽ ሰውዬ ነዋ።»

«ቢያወጡትስ ምን አስጨነቀሽ? ያንቺ ሸክላ አለልሽ አይደል?»

ቨርሊን ጎመኑን አየችው። «አልቋል» አለች።

«ምኑ?»

«አልቋል ስልሽ። ደጋግሜ እየሰማሁ ጨረስኩት። አሁን ሽሽታ ብቻ ነው።»

ክሎቲ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ቢላዋውን አነሳችና የቀረውን ጎመን መቀርደድ ጀመረች። አቀራረዷ መጥፎ ነው፤ ቨርሊን ግን ቢላዋውን አልቀማቻትም።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ሁለቱ ሩዝቬልት መንገድ ላይ ካለው የዶርሲ ዊትሎው ሙዚቃ ቤት ሄዱ። ዶርሲ ቁመቱ መደርደሪያውን የሚያክል፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሬ የት አለ የሚል ሰው ነው። ቅዳሜ ሱቁ የሙዚቃ ቤት ብቻ አይደለም፤ ሥራ የሌለውም፣ ሥራ ያለውም ይሰበሰብበታል። ፖስተኛው ሉትሬል ቦርሳውን መሬት አስቀምጦ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ይከራከራል። ጸጉሯን በመጠቅለያ የጠቀለለች ሴት ለባሏ የልደት ስጦታ ትመርጣለች።

«ሚስ ቨርሊን!» አለ ዶርሲ። «እንደሚመጡ አውቄ ነበር። ካርቶኑን አሁን መክፈቴ ነው፣ እኔም ገና አልሰማሁትም።»

«ዶርሲ፣ በላዩ ምን ተጽፏል?»

መነጽሩን ፈልጎ አገኘና አነበበ። «ከዋናው ቴፕ በጥንቃቄ ተጠርጎ የተዘጋጀ።»

«ተጠርጎ ይላል?»

«ይላል።»

«ይኸው!» አለች ክሎቲ። «አላልኩም?»

«አጫውተው» አለች ቨርሊን። «የመጨረሻውን።»

ዶርሲ መሳሪያው ላይ ቁልፍ ተጫነ። ዘፈኑ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ወረደ። ገና ከመጀመሪያው ምት ሽማግሌዎቹ ክርክራቸውን አቆሙ። አንዱ በጫማው ወለሉን መምታት ጀመረ። ባለመጠቅለያዋ ሴት ዓይኗን ጨፈነች። ሉትሬል «ኧረ አርቬስተር፣ ኧረ አንተ ሰው!» አለ፤ ገና ትናንት አብረው የዋሉ ይመስል። ጊታሩ ያንን ነገሩን መናገር ጀመረና፣ ድርግም።

ከበሮ። ጭብጨባ። የአርቬስተር ባዶ ጉሮሮ።

ቨርሊን የእጅ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ያዘች።

«ማንም ምንም እንዳይነካ! መጣሁ!» አለ ሱቁ በሙሉ።

ዶርሲ ጮኸ፣ ሉትሬል ጮኸ፣ ሽማግሌዎቹ ጮኹ፣ ባለመጠቅለያዋ ሴት እጇን ዘርግታ ጮኸች። ከዚያ ጊታሩ ጓ ብሎ ገባ፤ ሁሉም አጨበጨበ፤ አንዱ ሽማግሌ ትከሻውን ሰበቀ። ቨርሊን ብቻ ነበረች እንዳለች የቆመችው።

«ነበር?» አለች።

«ምኑ ሚስ ቨርሊን?»

«ኦዜል። ነበር ወይ?»

ዶርሲ ሉትሬልን አየ። ሉትሬል ሽማግሌዎቹን አየ።

«እኔ እንጃ» አለ ሉትሬል። «እየጮኽኩ ነበር።»

«እኔም» አለ አንዱ ሽማግሌ።

ቨርሊን ወደ ክሎቲ ዞረች። «አንቺስ?»

ክሎቲ ከንፈሯን ነከሰች። «እኔም።»

«አንቺም ጮኽሽ? ለዚሁ ብለን መጥተን?»

«አመለጠኝ! ምን ላድርግ? እዚያ ቦታ ላይ ሲደርስ አፌ አይታዘዘኝም!»

«ያንተ አፍስ?» አለ ዶርሲ ወደ ሉትሬል። «የመስኮቱ መስታወት እስኪንቀጠቀጥ ነው እኮ የጮኽከው።»

«አንተ ራስህ ጣሪያውን አነሳኸው! ሱቁ ያንተ ስለሆነ ያንተ ጩኸት አይቆጠርም?»

«በቃ፣ በቃ» አለች ባለመጠቅለያዋ ሴት። «የሴትዮዋ ባል ነው ሰውዬው?»

«ባሏ ነው» አለ ዶርሲ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያ ከመስኮቱ የሚጮኸው ባሏ ነው።»

«የኔም ወንድም» አለች ክሎቲ ከጎን።

ሴትዮዋ አፏን በእጇ ያዘች። «እኔ የባንዱ ሰው ይመስለኝ ነበር። ስጮኽ የኖርኩት የሰው ባል ጩኸት ነው ለካ።»

ዶርሲ በሩን ዘጋና የ«ዝግ ነው» ምልክቱን ገለበጠ። «እንደገና አጫውተዋለሁ» አለ። «ትንፍሽ ያለ ሰው ሱቄን ሁለተኛ አይረግጣትም። ሉትሬል፣ ለአንተ ነው።»

«እዚያው ቦታው ላይ አድርገው» አለች ቨርሊን። «ከመጀመሪያው አልችልም።»

«እንደ ሸክላው አይደለም ሚስ ቨርሊን። ይኼ የኔ ማጫወቻ ዘፈን ዘፈኑን ብቻ ነው የሚዘለው። ከመጀመሪያው መጠበቅ አለብን።»

ስለዚህ ጠበቁ። ሉትሬል የፖስተኛ ኮፍያውን አፉ ላይ ደፍኖ ያዘ። ቨርሊን መደርደሪያውን ተደግፋ ታዳምጣለች፤ የምታዳምጠው ግን የጎደለውን ነው። ያ ሽሽታ የለም። እሷ ሽሽታውን የጎዳናው ድምፅ አድርጋ ነበር የምታውቀው፤ አሁን ሲጠፋ ዘፈኑ መጋረጃው እንደወረደ ቤት ራቁቱን የቀረ መሰላት። ይኼን ከጠረጉ፣ አለች በልቧ፣ እሱን ለምን ይተዉታል? ሰው የቤት ወለል ሲጠርግ ወርቅ ይሁን ፍርፋሪ መቼ ጎንበስ ብሎ ያያል?

ድርግም።

ከበሮ። ጭብጨባ። አርቬስተር ከሩቅ። ጊዜው ረዘመባት። እሷ ቤቷ መርፌውን ከቦታው ላይ ነበር የምታወርደው፤ ይኼን ሁሉ ከበሮ መስማት ከተወች ቆይታለች። አልፎታል አለች። አውጥተውታል። ክሎቲ እጇን ያዘቻት።

«ማንም ምንም እንዳይነካ! መጣሁ!»

ጉንፋን የለበትም። ከግድግዳ ወዲያ አይደለም። ጧት ተነስቶ ገና ቡናውን ያልጠጣ የኦዜል ድምፅ ነው፤ ትንሽ ቁጣ፣ ትንሽ ድንጋጤ፣ ከሥሩ ሳቅ ያለበት። «መጣሁ» ሲል መጨረሻዋን እንደሚጎትታት ረስታው ኖሯል። ስንት ዓመት ስትሰማው ያንን መጎተት መርፌው ቀድሞ ፍቆት ነበርና።

ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። ከኦዜል ጩኸት ኋላ፣ ከዚያው መስኮት፣ የአንዲት ልጅ እግር ቀጭን ድምፅ፣ በሸክላው ላይ ማንም ሰምቶት የማያውቅ፦

«እኔ ምንም አልነካሁም!»

ከዚያ ሕዝቡ ይስቃል። ለካ ያ ሁሉ ሕዝብ የሚስቀው በዚህ ነው። ጊታሩ ተመለሰ።

ሉትሬል ኮፍያውን ከአፉ ላይ ቀስ ብሎ አወረደና ወደ ክሎቲ ዞረ።

«ምንም አልነካሁም?» አለ።

ክሎቲ ፊቷ ቀላ። «ልጅ ነበርኩ!»

«ካውያውን እኔ ነኝ የሰካሁት ብለሽ ለሰው ሁሉ ስታወሪ…»

«ወንድሜ ሲቆጣ አይተኸው ታውቃለህ? አታውቅም! አንተም ብትሆን ትክድ ነበር!»

ቨርሊን ሳቀች። መጀመሪያ በአፍንጫዋ፣ ቀጥሎ በትከሻዋ፣ ኋላ ደግሞ መደርደሪያውን ይዛ። ክሎቲ ልትቆጣ ብላ እሷም ሳቀች፤ ስትስቅ እንባዋ ወረደ፤ በቀሚሷ እጅጌ ጠረገችው። ዶርሲ ወንበር አመጣላቸው። ቨርሊን ተቀመጠች፤ ከዓርብ ጀምሮ በውጥረት ቆማ ነበር፤ ከክረምቱ ጀምሮ ቢባል ይሻላል።

ከዚያ ራሷን ቀና አደረገች። አንድ ነገር ቀርቷታል፤ ለመጠየቅ ፈርታዋለች።

«ዶርሲ፣ የዚህኛው መርፌ በየስንት ጊዜው ነው የሚቀየረው?»

«መርፌ የለውም ሚስ ቨርሊን።»

«ታዲያ በምን ይሰማል?»

«በብርሃን ነው የሚነበበው። የሚፍቀው ነገር የለም።»

«ደጋግሜ ብሰማውስ?»

«ሺህ ጊዜ ይስሙት።»

«አያልቅም?»

«አያልቅም።»

ቨርሊን ያችን ትንሽ መስታወት መሳይ ነገር ከዶርሲ እጅ ተቀብላ በጣቷ ጫፍ ይዛ አየቻት። የገዛ ፊቷ ታያት፤ ቦታውን የሚያሳይ ቀጭን ጥቁር ቀለበት አልነበረም። ከእንግዲህ ቦታውን መፈለግ የለባትም። እሑድ መዝለል፣ ረቡዕን መቆጠብ፣ ዛሬ ሰማሁትና ስንት ቀረልኝ ማለት የለም። ማጫወቻ እንኳ የላትም፤ የክሎቲ ትልቁ ልጅ አለው፤ እናቱ ትቀማዋለች። ይህን ሁሉ አሰበችና መልሳ ለዶርሲ ሰጠችው።

«አንድ ጊዜ አጫውተውና እንሂድ» አለች። «በሩንም ክፈተው፣ ሰው ይግባ።»

ዶርሲ ከፈተ። ውጭ ሁለት ሰዎች ቆመው ይጠብቁ ነበር፤ ገቡ። ሉትሬል ኮፍያውን ወደ አፉ ሊመልስ ሲል ቨርሊን አየችው።

«ተወው የኔ ልጅ» አለችው። «ከፈለጋችሁ ጩኹ።»

ዘፈኑ ተጀመረ። በዚህኛው ጊዜ አልጠበቀችም፤ ዘፈኑን ሰማችው። ሽማግሌው በጫማው ወለሉን ሲመታ እሷም በተረከዟ መታች። ድርግም ሲል ሱቁ በሙሉ ጮኸ፤ አዲስ የገቡትም፣ ባለመጠቅለያዋም፣ ክሎቲም ከሁሉም በላይ። የኦዜል ድምፅ በዚያ ሁሉ ጩኸት ተሸፈነ፤ አንዲት ቃሉ እንኳ አልተሰማችም። ቨርሊን ምንም አልመሰላትም። ከሥሩ እንዳለ ታውቃለች።